የጎልማሶች የማታ ትምህርት ሊቆም ነው፤ ማን ይወትውትለት? (ሀዋሳ)

የማታ ክፍል

ሰላም ለሁላችሁም። የማስተምረው ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ማታ ማታ ለጎልማሶች ማንበብና መጻፍ፣ ትንሽም ሒሳብ። የእኛ መጠሪያ "አመቻች" ነው። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ጉሊት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡ፣ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ። ክፍሉ ቀን ቀን የአንደኛ ክፍል ሕፃናት የሚማሩበት ስለሆነ ዴስኩ በእነሱ ልክ ነው የተሠራው። የትልቅ ሰው ጉልበት አይገባም። ስለዚህ ወደ ጎን ዞረው ይቀመጡና ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ። መብራት ከጠፋ በስልክ መብራት እንቀጥላለን። ማንም ተነሥቶ አይሄድም።

አሁን የሰማነው ነገር ጥሩ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ የአመቻቾች አበል በጀት ላይያዝለት ይችላል ተብሏል። ደብዳቤ የለም፣ በቃል ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ፤ ቅድሚያ ለመደበኛው ትምህርት ነው ተባልኩና ተመለስኩ። አበሉ ድሮም በወቅቱ ሲደርሰን አልኖረም። ግን ጭራሽ ከቀረ አመቻች አይኖርም፣ አመቻች ከሌለ ክፍሉ ይዘጋል።

እኔን ያንገበገበኝ መዘጋቱ ብቻ አይደለም። ማንም ትንፍሽ አለማለቱ ነው። አንድ የቀን ትምህርት ቤት ይዘጋ ቢባል ወላጅ በማግሥቱ ግቢውን ይሞላዋል። ነጋዴው ንግድ ምክር ቤት አለው። መምህሩ ማኅበር አለው። የባጃጁም ሰው ማኅበር አለው። ባለሀብቱ ደውሎ የሚያናግረው ሰው አያጣም። በአርባ ዓመቷ ፊደል የጀመረች ሴት ግን ማን አላት?

ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ስልኳን አውጥታ የቴሌብር መልእክት ራሷ አነበበችልኝ። ድሮ ደንበኛ "ልኬልሻለሁ" ሲላት ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ "ገባ ወይ?" ብላ ነበር የምትጠይቀው። አሁን የገባውን ብር በዓይኗ ሳታይ ሽንኩርቱን ለማንም አታስረክብም። ሊዘጋ ነው የሚባለው ይሄ ነው።

ጥያቄዬ ቀጥታ ነው። ሰው በሕጋዊ መንገድ እንዴት ነው የሚወተውተው? ማኅበር እናቋቁም? ፊርማ እናሰባስብ? ማንን እናናግር? የምታውቁ እርዱን።

አሞራ ገደል

እህቴ በርቺ፣ ሥራሽ ትልቅ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ውትወታ ገንዘብ ላለው ነው። እኛ የምናውቀው ደጅ ጥናት ነው። ሰው ያለው ይገባል፣ ሰው የሌለው በረንዳ ላይ ይውላል። ጉዳይ ገዳይ ካልያዝሽ ወረቀትሽ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሐምሌ ይገባል። ውጭ አገር ያሉት ሎቢስቶችም ቢሆኑ የትምባሆና የጦር መሣሪያ ኩባንያ ቀጥሮ የሚያሰማራቸው ናቸው። ለድሃ የሚወተውት አይቼ አላውቅም።

ሕግና ደንብ

አሞራ ገደል፣ የምትለው ነገር መኖሩን አልክድም። ግን ሁለቱን አንቀላቅል። ደጅ የሚጠና ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ፣ ለብቻው፣ ተለማምጦ ነው የሚገባው። ውትወታ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው፤ በግልጽ፣ በስምህ፣ በጽሑፍ ታቀርባለህ። እጅ መንሻ ከገባበት ወንጀል ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ኩባንያዎች ስለሚበዙበትም ነው አገሮች ሕግ ያወጡለት። አሜሪካ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ሎቢስት ይመዘገባል፤ ማን እንደቀጠረው፣ ስንት እንደተከፈለው፣ በየትኛው ጉዳይ ላይ እንደሠራ ያሳውቃል። የአውሮፓ ኅብረትም እንዲሁ መዝገብ አለው። ገንዘብ ያለውም የሌለውም ይገባበታል።

ለድሃ የሚወተውት የለም ላልከው ግን አልስማማም። እዚሁ አገር አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። የቤተሰቡ ራስ ደግሞ ባል ነው ይል ነበር፣ በጽሑፍ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1987 ተቋቋመ። ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር እየሰጠ፣ ከእነሱ ጉዳይ የሚያየውን ይዞ ሕጉ ይለወጥ ብሎ ተሟገተ። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ የባል ራስነትም ቀረ። ማኅበሩ ብቻውን አደረገው አልልም። ግን ቀን ከሌት የወተወተው እሱ ነበር። አቅሙ የመጣው ደጁ ላይ ከሚሰለፉት ሴቶች ነው እንጂ ከብር አይደለም።

የማታ ክፍል

ሕግና ደንብ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ አሁን ያለው ሕግ ይፈቅድልናል? አንዳንድ ሰው "ሲቪክ ማኅበር ፖለቲካ ውስጥ አይገባም" ብሎ ያስፈራራናል።

ሕግና ደንብ

ያ ፍርሃት ከአሮጌው አዋጅ የቀረ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 መብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሎ ነበር። ብዙዎቹ ስለ መብት ማውራት ትተው ወደ አገልግሎት ዞሩ። ማስተማር ይቻላል፣ "ትምህርት መብቴ ነው" ብሎ መጠየቅ ግን ያስፈራል፣ እንደዛ ነበር ነገሩ። አሁን እኔ እንደማየው የጎልማሳ ትምህርት ድምፅ ያጣው ያኔ ነው። አስተማሪው በዛ፣ ጠያቂው ጠፋ።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ሽሮታል። አንድ ድርጅት ከሥራው ጋር የሚገናኝ ሕግ ወይም ፖሊሲ እንዲወጣና እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ማኅበር ለመመሥረት አምስት ሰው ይበቃል። ሀዋሳ ውስጥ ብቻ ከሆነ የምትሠሩት ምዝገባው በክልሉ ሕግ ነው፤ ፌዴራል የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ ሲሠራ ነው። መተዳደሪያ ደንብና ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋችኋል።

ግን ለአሁኑ ጉዳይ ምዝገባ አትጠብቁ። አቤቱታ ለማቅረብ ማኅተም አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለ። ስማችሁን ጻፉና ፈርሙ።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዘመቻው ሐምሌ 1971 ነው የተጀመረው፣ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፣ ሲዳምኛም አንዱ ነው። ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። በቀበሌ አዳራሽ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበር የምናስተምረው። ስንት እናት ስሟን ስትጽፍ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያ ሁሉ የመጣው ከላይ በትእዛዝ ነው። ቀበሌው ያስገድዳል፣ ካድሬው ይቆጥራል። ሥርዓቱ ሲወድቅ ትምህርቱም አብሮ ወደቀ፤ ይቀጥልልን ብሎ የተነሣ የተማሪ ማኅበር አላየሁም፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያውም ባለቤት አልተደረጉም።

ሌላም አለ፣ ሰው የማያነሣው። ያኔ ሲዳምኛን ያስተማርናቸው በግዕዝ ፊደል ነው። በኋላ ቋንቋው በላቲን መጻፍ ጀመረ፣ ልጆቻቸውም በዚያው ተማሩ። በዘመቻው ማንበብ የቻለች ሴት ዛሬ በገዛ ቋንቋዋ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፊት ቆማ ማንበብ ያቅታታል። ይቺ ሴት መሃይም ናት? አይደለችም። ዳግም መማር ነው የሚያስፈልጋት። የዕድሜ ልክ ትምህርት የሚባለው ይሄ ነው፤ አንዴ ሠርተፍኬት ሰጥተህ የምትዘጋው ነገር አይደለም። አቤቱታችሁ ላይ ይህን ጻፉት፤ ለክልሉ ምክር ቤት ሰው በደንብ የሚገባ ነገር ነው።

የሼድ ልጅ

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። እዚህ የሚባለው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን እኛን የረሳችሁን ይመስለኛል። እኛ ፊደል እናውቃለን። ስምንተኛ የጨረሰ አለ፣ አሥረኛ የጨረሰ አለ። የምንፈልገው ሌላ ነው። የደሞዝ ወረቀት ሲሰጠን ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ምኑ ለምን እንደተቆረጠ የሚነግረን የለም። ከደሞዜ 7 በመቶ ለጡረታ እንደሚቆረጥና አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ እንደሚጨምርበት የነገረችኝ አብራኝ የምትኖር ልጅ ናት። ውል ማንበብ፣ ኮምፒውተር፣ ትንሽ እንግሊዝኛ፣ ሥራ ብንለቅ ምን እንደምናገኝ። አጎዋ (ምርታችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ሲቆምና ድርጅቶች ሲወጡ ስንቱ ልጅ ወረቀቱን ሳይረዳ ነው ፈርሞ የሄደው።

ከፈረቃ ስንወጣ ይመሻል። ትምህርቱ በሥራ ሰዓታችን ከሆነ ለእኛ አልተዘጋጀም ማለት ነው። እሑድ ይሁን። ቤት ተከራይተን ወደምንኖርበት ሰፈር ይምጣ። አቤቱታውን እኛም እንፈርማለን፣ ግን ፍላጎታችን ተጽፎ ከሆነ ነው።

አንባቢ

የሼድ ልጅ፣ ልክ ነሽ። ያነበብኩትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ።

አሜሪካ ውስጥ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ጆንስ ደሴት። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ለመምረጥ የሚመዘገብ ሰው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ማንበብ ነበረበት፤ ጥቁሮችን ለማስቀረት የተሠራ ነገር ነው። ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል ሰው አውቶቡስ ነበረው፣ ሠራተኞችን ወደ ቻርልስተን ያመላልሳል። መንገድ ላይ ያንን አንቀጽ ለተሳፋሪዎቹ ያስተምር ጀመር። ከዚያ ሴፕቲማ ክላርክ አለች፣ መምህርት ናት፣ የመብት ማኅበር አባልነቴን አልተውም ስላለች በ1956 ከመንግሥት ሥራዋ ተባራለች። እነሱ ሃይላንደር ከሚባል የጎልማሶች ማሠልጠኛ ጋር ሆነው በ1957 አንድ ሱቅ ጓሮ ውስጥ የማታ ክፍል ከፈቱ። አስተማሪዋ በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሆን ብለው ነው የመረጧት፤ መምህር ከሆነ ሰው ይፈራል ብለው። የመጀመሪያ ቀን የጠየቀቻቸው "ምን መማር ትፈልጋላችሁ?" ብላ ነው። ስማቸውን መጻፍ፣ በፖስታ ዕቃ ማዘዣ ቅጽ መሙላት፣ ከዚያ የምርጫ ምዝገባው። ትምህርቱ ከዚያ ተነሥቶ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሁሉ ተዳረሰ።

እኔ የምወደው ምኑን ነው፣ የሚማሩትና የሚጠይቁት ሰዎች አንድ መሆናቸውን ነው። ለእነሱ ሌላ ሰው አልወተወተም። ማንበብ ሲችሉ ራሳቸው ሄደው ተመዘገቡ።

የፕሮጀክት ሰው

እኔ የምሠራው ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ነው፣ ስሙ ይቅር። ስለ ውጭ ገንዘብ ትንሽ ልበል። ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ይመጣል፣ መጽሐፍ ይታተማል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ያበቃል። ሲያበቃ ክፍሉም አብሮ ያበቃል። ፕሮጀክት አትጠሉ፣ ግን መንግሥት በጀት ውስጥ አንድ መስመር ከሌላችሁ የቆማችሁበት መሬት የእናንተ አይደለም።

ስዊድኖች ጋ ሠራተኛ ማኅበራት፣ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ሶሻል ዴሞክራት ፓርቲው ሆነው በ1912 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የትምህርት ማኅበር አቋቋሙ። ኤ.ቢ.ኤፍ. ይባላል፣ ዛሬም አለ። ሥራው የጥናት ክበብ ነው፤ ጥቂት ሰው ተሰብስቦ አንድ ነገር አንብቦ ይወያያል። መጀመሪያ ራሳቸው ጀመሩ፣ የመንግሥት ድጎማ በኋላ መጣ። የሚማረው ሰው አባል ስለሆነ ድጎማው ይቀነስ ሲባል የሚጮህ ሰው አለ።

እኛም አገር ሠራተኛ ማኅበር አለ፣ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ከ1955 ጀምሮ። ዝቅተኛ ደሞዝ ይወሰን ብሎ ዓመታት ወትውቷል፤ የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም በ2011ዱ የሠራተኛ አዋጅ ውስጥ ከተጻፈ በኋላም ገና ብዙ መሟገት ነበረበት። ስለዚህ አንድ ደብዳቤ ጽፋችሁ መልስ ካጣችሁ ተስፋ አትቁረጡ። በወረቀት የገባ ነገር ሁሉ በሥራ ላይ አይውልም፣ ሰው ሲከታተለው ነው የሚውለው። የፓርኩ ልጆች ማኅበር ያላችሁ ከሆነ ትምህርቱን በኅብረት ስምምነት ድርድር ውስጥ አስገቡት። አሠሪ ክፍልና አንድ አምፖል መስጠት አያቅተውም።

አሞራ ገደል

የጄንኪንስ ነገር ገርሞኛል። እኔ ታክሲ ነው የምሠራው። ግን አሁንም እላለሁ፣ ምክር ቤት የሚገባው ወረቀት ማን ያነበዋል?

የበጀት ሰው

አሞራ ገደል ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፣ እኔ ልመልስ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ሰው የሚሸነፈው ጊዜ ስለማያውቅ ነው።

የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሕዝቡ ሰኔ ላይ ይነቃል። ሰኔ ላይ ገንዘቡ ተከፋፍሎ አልቋል፤ ምክር ቤቱ ጋ የሚቀረው ማጽደቅ ነው። ሥራው ያለው አሁን ነው፣ የካቲትና መጋቢት፣ ቢበዛ ሚያዝያ። በዚህ ጊዜ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዕቅዱን አዘጋጅቶ ጥያቄውን ወደ ፋይናንስ ይልካል። እዚያ ወረቀት ላይ "የአመቻቾች አበል" የሚል መስመር ከሌለ ከዚያ በኋላ ማንም አይጨምርላችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ የምታናግሩት ከንቲባውን አይደለም። ዕቅዱን የሚሠራውን ባለሙያ ነው። ስሙን ያዙ፣ ሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁ አናግሩት። ብዙ ጊዜ እሱም ይፈልገዋል፣ ግን "ሕዝቡ ጠይቋል" ብሎ የሚያያይዘው ወረቀት የለውም። እናንተ ያንን ወረቀት ስጡት።

ቀጥሎ ምክር ቤቱ ውስጥ ማኅበራዊ ጉዳይን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ አለ። ግልባጩን ለእነሱ። የኮሚቴው አባላት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ሪፖርት ሲሰሙ ጥያቄ መጠየቅ አለባቸው፣ ጥያቄ የሚሆን ነገር ካልሰጣችኋቸው ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ወንበር ጠይቀው ይነሣሉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ረጅም ከሆነ አይነበብም።

ሁልጊዜም በመዝገብ ቤት አስገቡ፤ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ቅጂው ላይ ማኅተም ይመታላችሁ። በእጅ የሰጣችሁት ወረቀት አልደረሰኝም ሊባል ይችላል። እና አንድ ሰው አትሂዱ። ሦስት ሁኑ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ተማሪዎች ይሁኑ።

የዕድር ጸሐፊ

የምጽፈው ከመነሃሪያ አካባቢ ነው። የእኛ ዕድር አባላት ብዙዎቹ ክፍያ ሲከፍሉ በአውራ ጣት ነው የሚፈርሙት። በቅርቡ ግን የተወሰኑ እናቶች "እስክሪብቶውን ስጠኝ" ማለት ጀምረዋል፣ ከየት ተማሩ ስል ማታ ክፍል ነው አሉ። የእናንተ ተማሪዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

በወር አንዴ ስብሰባ አለን፣ ሰዉ ሁሉ ይመጣል። አቤቱታውን እዚያ አምጪው፣ አነባለሁ፣ ይፈረማል። ሽማግሌዎቹ "ዕድርን ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡብን" ይሉ ይሆናል፣ እሱን እኔ አስረዳለሁ። ዕድር በሲቪል ማኅበረሰብ አዋጁ የሚመራ አይደለም፣ በደንቡ ነው የሚሄደው፤ አባላቱ እንደ ነዋሪ ቢፈርሙ ግን ማንም የሚከለክላቸው የለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለም?

ከባሕር ዳር

እኔ ሀዋሳ አይደለሁም ግን ላክልበት። ባሕር ዳር በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የ"መማሪያ ከተማ" ሽልማት ከሰጣቸው 12 ከተሞች አንዷ ነበረች። ሽልማት ዳቦ አይሆንም፣ ግን አንድ ጥቅም አለው። ወደ ዩኔስኮ የመማሪያ ከተሞች ኔትወርክ የሚገባ ከተማ በከንቲባው ፊርማ ነው የሚያመለክተው። ከንቲባ "ከተማዬ የዕድሜ ልክ ትምህርት ከተማ ናት" ብሎ ከፈረመ በኋላ የማታ ክፍል ሲዘጋ ፊርማውን ማሳየት ትችላላችሁ። ስለ ትምህርት የሚናገረው የተባበሩት መንግሥታት ዘላቂ የልማት ግብ ቁጥር 4ም ያው ነው፣ አገራችን የተቀበለችው ነው፣ "ለሁሉም" ይላል እንጂ "ለሕፃናት" አይልም። ደብዳቤው ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል።

የማታ ክፍል

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ መምህር፣ የፊደሉን ነገር ማታ ክፍል ውስጥ አነሣሁት። ሁለት እናቶች እጃቸውን አወጡ፤ በዘመቻው የተማሩ ናቸው፣ ልጆቻቸው ፊት ማንበብ አለመቻላቸውን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። እርስዎ ቢመጡና ቢያናግሯቸው ደስ ይለናል። የሼድ ልጅ፣ እሑድ የሚለውን አስገብቼዋለሁ፣ የደሞዝ ወረቀት ማንበብም። ሌላ የጎደለ ካለ ንገሪኝ።

ረቂቁ ይሄ ነው፣ ተማሪዎቹ ናቸው የተናገሩት፣ እኔ ጻፍኩት፦

"እኛ ከዚህ በታች የፈረምን የማታ ትምህርት ተማሪዎች ነን። የምንሸጥ፣ የምንጋግር፣ ፋብሪካ የምንሠራ ነን። ግብር እንከፍላለን። የአመቻቾች አበል በመጪው ዓመት በጀት ውስጥ ራሱን በቻለ መስመር እንዲያዝልን እንጠይቃለን። በግዕዝ ፊደል ሲዳምኛ ለተማርነው በላቲን ማንበብ የምንማርበት ጊዜ ይሰጠን። ለፓርክ ሠራተኞች የእሑድ ክፍል ይከፈት። ክፍሉ ከተዘጋ ልጆቻችንን የቤት ሥራ የሚያግዝ ሰው አይኖርም። ይህን ደብዳቤ ራሳችን አንብበን ፈርመናል።"

የበጀት ሰው

ጥሩ ነው። ሦስት ነገር። ስንት ተማሪ እንዳለ ከስም መቆጣጠሪያው ቆጥረሽ ጻፊ፣ በግምት አይሁን። የአበሉን የዓመት ወጪ በብር አስቀምጪ፤ ባለሙያው ሒሳቡን ራሱ እንዲሠራ አትጠብቂ። ስለ ልጆቹ የቤት ሥራ ያለውን ዓረፍተ ነገር ወደ ላይ አውጪው፣ መደበኛው ትምህርት ይቅደም ለሚለው መልሱ እሱ ነው።

የሼድ ልጅ

የጎደለ አለ። የምናጠባ አለን። ልጅ ይዘን መግባት እንድንችል ጻፊልን።

የዕድር ጸሐፊ

ስብሰባችን የፊታችን እሑድ ከሰዓት ነው። ቁጥሩን ሞልተሽ ዓርብ ድረስ አምጪልኝ፣ ፎቶ ኮፒው በእኔ ነው። እስክሪብቶ በብዛት አዘጋጃለሁ።

አሞራ ገደል

መዝገብ ቤት የምትሄዱበትን ቀን ንገሩኝ። ሦስታችሁንም አደርሳለሁ፣ ጨርሳችሁ እስክትወጡም እጠብቃለሁ።